በራይስ ሚሉድ ጀልባ

ሰኞ፣ ጁላይ 1

ቀርቀና ደሴት ገባሁ። ከስፋቅስ በተሳፈርንበት መርከብ ላይ ሰው ሁሉ ዳር ዳሩን ይዞ ባሕሩን ሲያይ፣ እኔ መሐል ላይ ሐብሐብ ከጫነው መኪና አጠገብ ተቀመጥኩ። ጥላ ስለነበረው ነው።

ማሌክ የወደቡ ቢሮ ደረሰው። የክፍል ጓደኛዬ ነው፤ ለተግባር ልምምድ ሁለታችንን አንድ ላይ ነው የላኩን። እሱ ከሚገቡት ጀልባዎች ላይ ዓሣ እየመዘነ ወንበር ላይ ይከርማል። የእኔ ሥራ ባሕር ላይ ወጥቶ ሰማያዊውን ሸርጣን መለካት ነው፤ የሚወስደኝን ጀልባ ግን ራሴ መፈለግ አለብኝ። ጀልባ ካጣሁ ልምምዱ ይሰረዛል፣ ዓመቱም ይደገማል። ከካፍ ተራራ፣ ከስንዴ መሐል የወጣሽ ልጅ ዓሣ ተማሪ ብሎ የመከረኝ የለም። ራሴ ያመጣሁት ነው፤ አላማርርም።

ዓጣያ ወደብ ላይ ስለምን ዋልኩ። አንዱ "ሚስቴ ትፈታኛለች" አለ። አንዱ "ሴት ያየችው መረብ ባዶውን ይወጣል" አለ። ባሺር የሚባለው፣ የትልቁ ጀልባ ባለቤት፣ ሲጋራውን ከአፉ ሳያወጣ "ማስመለሻ ባልዲ የለንም፣ እኅቴ" ብሎ አሳቀብኝ።

መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ ገመድ ከሚቋጥሩበት ቀና ሳይሉ ጠሩኝ። ራይስ ሚሉድ ይባላሉ፤ ራይስ የጀልባ አለቃ ማለት ነው። ጉልበቴን ሊጠይቁኝ ነው ስል፣

"መነጽር ታደርጊያለሽ?" አሉኝ።

"አላደርግም፣ ዐሚ" አልኩ፣ እንደ አጎት አክብሬ።

"ከሩቅ ታያለሽ?"

"እንደ ጭልፊት።"

"ነገ ጎሕ ሲቀድ ነይ። ማደሪያ ከሌለሽ ባለቤቴ ትርፍ ክፍል አላት።"

አገኘሁ! የሚገርም ሰው ናቸው።


ረቡዕ፣ ጁላይ 3

እጄ አብጧል፤ ብዕር አልይዝ ብሎኛል። ሸርጣን ነከሰኝ። እዚህ በአሸባሪዎቹ ስም "ዳዒሽ" ይሉታል፤ ድንገት መጥቶ መረቡን ሁሉ ስለቆራረጠባቸው። አሁን በሽቦ ወጥመድ ይዘው ለፋብሪካ ይሸጡታል፤ ስሙ ግን አልተነሣለትም።

አስመለሰኝ። ሁለት ጊዜ። ከጀልባዋ ውጪ ነው ያስመለስኩት፤ አላስተዋሉኝም መሰለኝ፤ ምንም አላሉም።


ቅዳሜ፣ ጁላይ 6

ዛሬ ትንሽ ለምጄዋለሁ። የጀልባዋን ጠርዝ ሳልይዝ ቆሜ ለካሁ ማለት ይቻላል።

ራይስ ሚሉድ ጥሩ አስተማሪ ናቸው። ዝም ብለው አያስቀምጡኝም፤ ይፈትኑኛል። "ያ ምሰሶ ላይ ወፍ አለ?" "አለ።" "ወዴት ዞሯል?" ወፍ ፊቱን ወደ ነፋሱ ነው የሚያዞረው፤ ያንን ሊያስተምሩኝ ነው። "ከፊት የሚመጣው የማን ጀልባ ነው?" "ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?" ስመልስ "እህ" ይላሉ እንጂ ትክክል ነሽ ወይም ተሳስተሻል አይሉኝም። የእኛ መምህራንም እንዲህ ቢሆኑ።

ቤታቸው ውስጥ ሦስት ሰው አለ። እሳቸው፣ ኻልቲ (አክስቴ) የምላት ባለቤታቸው መብሩካ፣ እና ልጃቸው ሳልሐ። ወንዱ ልጅ ፈረንሳይ ነው። ሳልሐ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ሸርጣን የሚያሽገው ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ ጣቶቿ በቁስል ተሸፍነዋል። የገብስ ኩስኩስ በዓሣ መረቅ እየበላን ሳለ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

"ባሕር ላይ እንዴት ነው?" አለችኝ ዕቃ ስናጥብ።

"ደህና ነው። እየለመድኩት ነው።"

"አንቺን አይደለም የጠየቅኩሽ። አባቴ እንዴት ነው?"

"ጥሩ ናቸው። ምነው?"

"ምንም።" ሳህኑን ጠበቅ አድርጋ አሸችው። "እኔ ልጅ ሆኜ አብሬው እወጣ ነበር። ጡት ስታወጪ ይበቃሻል አለኝ፤ ሰው ይስቃል አለኝ። አሁን አንቺን ከካፍ አስመጥቶ ያንሳፍፋል።"

ቅናት ነው። እረዳታለሁ። ግን እኔ ምን ላድርግ?


ሐሙስ፣ ጁላይ 11

ማሌክ ወደቡ ካፌ ውስጥ የሰማውን ነገረኝ። ባሺር ለሰዎቹ፣ "ሚሉድ ዘንድሮ ሰላምታም ነሥቷል። ፊቱ ቆሜ እጄን ባነሣ እንደ ግድግዳ አልፎኝ ሄደ። ልጁ ዩሮ መላክ ሲጀምር አንገቱ ተቆለመመ" ሲል ነበር አሉ።

እኔ የማውቃቸው ሰውዬ ኩሩ አይደሉም። ሐሳብ ይዟቸው ይሆናል። ለማሌክም እንደዚያው አልኩት።

"ታዲያ አንቺን ምን አስቆጣሽ?" አለኝ።

አልተቆጣሁም።


ሰኞ፣ ጁላይ 15

መሪውን ሰጡኝ! ራሳቸው ከፊት ተቀምጠው "ቀጥ አድርገሽ ንጂ፤ ያለውን ንገሪኝ" አሉ። ውኃው እዚህ ከጉልበት የማይበልጥበት ቦታ አለ፤ ድንገት ደግሞ ጠቁሮ ይሰምጣል። ያንን ጥልቅ ቦይ "ወዲ" ይሉታል። ወዲው ላይ ስንደርስ መሪውን በሁለት እጄ እጨብጣለሁ፤ እንዳይንሸራተት ብዬ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ መሪውን እሳቸው ያዙ። እኔ ሸርጣኖቹን እየለካሁ አንገቴን ደፍቼ ነበር። የድሮ የዓሣ ማጥመጃ የዘንባባ አጥር ምሰሶዎች ከውኃው በላይ ወጥተው ቆመዋል፤ ትላልቅ ናቸው። ቀጥ ብለን ሄደን ገጨናቸው። ጀልባዋ ከዳር እስከ ዳር ተፋቀች።

"ፀሐይዋ" አሉ። "ዓይኔ ውስጥ ገባች።"

"አዎ፣ በጣም ኃይለኛ ናት" አልኳቸው።

ፀሐይዋ ከኋላችን ነበረች። አሁን ስጽፈው ነው ትዝ ያለኝ። ውኃው ላይ አንጸባርቃ ይሆናል።


ዓርብ፣ ጁላይ 19

ክፉ ቀን። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ወጥመዶቹ ያሉበትን ቦታ የሚያሳየው ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ቢጫ ጀሪካን ነው። የእኛ ጀሪካኖች ወገባቸው ላይ አረንጓዴ ቀለም አለ። የባሺር ሰማያዊ ነው። እኔ ያለፈውን ወጥመድ ሸርጣን እየለካሁ ሳለ ራይስ ሚሉድ በሜንጦ አንዱን ጀሪካን ስበው ወጥመዱን አወጡ፤ ሸርጣኖቹን ወደ ሣጥናችን ዘረገፉ። ቀና ስል ሰማያዊ ቀለም አየሁ። ልናገር አፌን ስከፍት የባሺር ጀልባ ከኋላችን ደረሰ።

"ሌባ!" አለ ባሺር። ድምፁ ተሰብሮ ነበር፤ እኔን ያስደነገጠኝ ያ ነው። "አንተ? ባሕር ያስተማርከኝ አንተ? በቀን በብርሃን፣ ፊቴ ላይ?"

ራይስ ሚሉድ ወጥመዱን እንደያዙ ቀሩ። አንዴ ወደ ጀሪካኑ፣ አንዴ ወደ ድምፁ ዞሩ።  እንዲያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። እናም፣

"እኔ ነኝ" አልኩ። "አረንጓዴ ነው ብዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ይቅርታ።"

ባሺር አየኝ። "ዩኒቨርሲቲው ቀለም አያስተምርም?" አለ። ሰዎቹ ሳቁ። ሸርጣኖቹን መለስንለት። "ይቺን ልጅ ከባሕሬ አርቃት፣ ሚሉድ" ብሎ ሄደ።

ወደቡ ደረስን። ስንወርድ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ትከሻዬን ከማግኘታቸው በፊት ግን አንዴ አየር ዳበሱ።

ለምን ዋሸሁ? ሰውን ከሌብነት ስም ማዳን ውሸት አይደለም። ደግሞ ጀልባው ከቆመ የእኔም ነገር አበቃ። ግን ያንን አስቤ አይደለም። አስቤ አይመስለኝም።


ሰኞ፣ ጁላይ 22

ሸሂሊ፣ የበረሃው ነፋስ። በር አይከፈትም። ጥርሴ ውስጥ አሸዋ አለ።

ኃላፊያችን ዶክተር ሶንያ ደወለች። "መረጃሽ ጥሩ ነው፤ ግን እስከ ኦገስት ሃያ ሦስት ካልቀጠለ ዋጋ የለውም። ጀልባሽ አስተማማኝ ነው?"

"አስተማማኝ ነው" አልኩ።

ሳልሐ በሩ ላይ ቆማ ሰማችኝ።


ሐሙስ፣ ጁላይ 25

በዓል ነው፤ ማንም አልወጣም። እማዬ ደወለች። "ዋና ለመድሽ ወይ?" አለች። "እንደ ዓሣ" አልኳት። ከበስተኋላ አባዬ "ዓሣ እንዳትሆን ንገሪያት" ሲል ሰማሁት።

ራይስ ሚሉድ ግቢ ውስጥ በለስ ሥር ተቀምጠው ውለዋል። ኻልቲ መብሩካ ሻይ ስታቀርብ ብርጭቆውን እጃቸው ላይ ነው የምታኖረው፤ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጠውም። የፍቅር ነገር ነው መሰለኝ። ሽማግሌዎች እንዲህ ሲሆኑ ደስ ይላል።


ሰኞ፣ ጁላይ 29

ውኃ ውስጥ ወደቅኩ። ወዲው ላይ። ደህና ነኝ። ዛሬ መጻፍ አልችልም።


ማክሰኞ፣ ጁላይ 30

ትናንት የሆነውን ልጻፈው።

መዋኘት አልችልም። ይኸው፣ ጻፍኩት። ከእማዬ በቀር ማንም አልጠየቀኝም፤ ዓሣ የምታጠና ልጅ መዋኘት እንደምትችል ሁሉም ገምቶ አለፈ፤ እኔም አላረምኩም። የመንሳፈፊያ ጃኬት ነበረኝ። ለሙቀቱ ብዬ አውልቄ ተቀምጬበት ነበር።

ጀሪካኑን በሜንጦ ልስብ ጎንበስ ስል፣ ያለፈው ጀልባ የተወው ማዕበል ከሥር አነሣን። ድምፅ እንኳ አላወጣሁም። ጨው፣ ጥቁር ውኃ፣ ከላይ ብርሃን። እግሬ ምንም አይነካም። ስወጣ ጀሪካኑ አጠገቤ ነበር፤ አቀፍኩት። አንገቴ ድረስ እሰምጣለሁ፣ እወጣለሁ።

ጀልባዋ ሩቅ አልነበረችም። ራይስ ሚሉድ ቆመው አየኋቸው። ዓይናቸው ቀጥታ እኔ ላይ ነበር። እጄን አነሣሁ። ገመዱን አነሡና ወረወሩት፤ ወደ ሌላ ወገን። ፈጽሞ ወደ ሌላ ወገን።

ከዚያ ሞተሩን አጠፉት።

"ተናገሪ!" ብለው ጮኹ። "ድምፅሽን ስጪኝ!"

"እዚህ ነኝ" ልል ውኃ አፌን ሞላው።

"አታቋርጪ! ስምሽን ጥሪ፣ ልጄ! ስምሽን እየደጋገምሽ ጥሪው!"

"ኒስሪን!" አልኩ። "ኒስሪን! ኒስሪን!" እንደ ጠፋ ልጅ ራሴን እየጠራሁ። እሳቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ በመቅዘፊያ ቀስ እያሉ መጡ። ዝም ስል ይቆማሉ። ስጮህ ይመጣሉ። የጀልባዋ እንጨት ራሴን ነካኝ፤ ከዚያ እጃቸው ፀጉሬን፣ ከዚያ አንገትጌዬን አገኘ።

ጀልባዋ ወለል ላይ ሸርጣኖቹ መሐል ተኛሁ። እሳቸው ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዳስሱ ነበር፤ አፍንጫዬን፣ ዐይኔን፣ ጥርሴን፤ ሁሉም መኖሩን ለማረጋገጥ ይመስል። ያለቅሱም ነበር።

ራይስ ሚሉድ አያዩም።

ወደቡ ልንደርስ ስንል፣ "ይሄ ነገር ቤት አይገባም" አሉ። "ለመብሩካም፣ ለሳልሐም አይነገርም። ቃል ግቢልኝ።"

ራሴን ነቀነቅኩ።

ጥቂት ጠብቀው፣ "ምን አልሽ?" አሉኝ።

አልመለስኩም። ወደቡ ላይ ሰው ስለነበረ አልደገሙትም። እንግዲህ ቃል አልገባሁም። መነቅነቅ ካልታየ ቃል አይደለም። ይሄን እያልኩ ነው ሌሊቱን ያነጋሁት።


ሐሙስ፣ ኦገስት 1

ሁለት ቀን "ሆዴን" ብዬ ቀረሁ። ትናንት ብቻቸውን ወጡ። ብቻቸውን! እስኪመለሱ ሳልቀመጥ ወደቡ ላይ ተመላለስኩ። ማሌክ "ምን ሆነሻል?" አለኝ፤ "ምንም" አልኩት። "ምንም" የሚለውን ቃል ዘንድሮ ጨረስኩት።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ፋብሪካው በር ላይ ሳልሐን ጠበቅኳት። ነጭ ጋውኗን እያወለቀች ወጣች። የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝና፣ "አባትሽ አያዩም" አልኩ።

ሳቀች። ደስ የሚል ሳቅ አይደለም። "ስንት ጊዜ ጠየቅኩሽ?"

"ታውቂ ነበር?"

"እናቴ ሻይ እጁ ላይ የምታኖርለት ለምን ይመስልሻል? ሁለት ዓመት ሆነው። እኛ እንዳናውቅ እሱ ይደክማል፤ ማወቃችንን እንዳያውቅ እኛ እንደክማለን። ጀልባውን ከወሰድንበት ምን ይቀረዋል? በለሱ ሥር ይቀመጥ?" ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። "አንቺ ግን የመጣሽ ጊዜ ደስ አለኝ፤ ታውቂያለሽ? ዓይን አገኘ አልኩ። ጠላሁሽም፤ ደስም አለኝ።"

መውደቄን ነገርኳት። ጀሪካኑን፣ ገመዱን፣ ስሜን መጥራቴን። ሳልሐ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

"መዋኘት ሳትችዪ ነው እንግዲህ" አለች፤ "ከዕውር ጋር ወር ሙሉ የወጣሽው።"

"አዎ።"

"ሁለታችሁም እብድ ናችሁ።"


ዓርብ፣ ኦገስት 2

ነገርናቸው። ሳልሐ ተናገረች፤ እኔ አጠገቧ ቆምኩ። ለስለስ ብላ ነው የጀመረችው፤ "አባ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ልንዳ፤ አንተ ምራኝ" አለች።

መልሱ ለእኔ ነበር። "ጨው የበላሽበት ቤት ነው" አሉ፣ ፊታቸውን ወደቆምኩበት አዙረው። "ከውኃ ያወጣሁሽ እኔ ነኝ።"

"እርስዎ ነዎት፣ ዐሚ። ግን የሚቀጥለው ሰው ባይጮህስ?"

ተነሥተው ወደ መኝታ ቤት ሄዱ። ከባሕር ሲመለሱ ከሞተሩ ነቅለው የሚያመጡትን የነዳጅ ቱቦ ይዘው ገቡ። ያለ እሱ ጀልባዋ አትነሣም። ትራሳቸው ሥር አድርገው ተኙ።

ትክክል ሠርቻለሁ። ትክክል የሠራ ሰው ሆዱ እንዲህ ይመረዋል?


ማክሰኞ፣ ኦገስት 6

ጀልባዋ እንደታሰረች ነው። አያናግሩኝም። ዕቃዬን ይዤ ልውጣ ስል ኻልቲ መብሩካ ሻንጣዬን ቀምታ መልሳ አስገባች።

ወደቡ ላይ እንደገና ልመና ጀመርኩ። ባሺር ጋ ሳይቀር ሄድኩ።

"ቀለም የማትለየው!" አለ። "ሚሉድ አባረረሽ እንዴ?"

"ጀልባው ቆሟል።"

"ለምን?"

ልነግረው እችል ነበር። ሌባ እንዳልነበሩ በአንድ ቃል ማስረዳት እችል ነበር። ግን ያ ቃል የእሳቸው ነው፤ ለሳልሐ የነገርኩት ይበቃል። "ሞተር" አልኩት። ዶክተር ሶንያ ነገ ትደውላለች። አልሄድም። በእግሬ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ እየገባሁም ቢሆን እለካለሁ።


ሐሙስ፣ ኦገስት 8

ዛሬ ጠዋት ኻልቲ መብሩካ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። "ለሁለታችሁ ነው። ጀልባዋ ጋ ሳትደርሱ አትፍቱት" አለች፤ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ስፈታው ከዳቦው ሥር የነዳጁ ቱቦ አለ።

ሳልሐ ከፋብሪካው ፈቃድ ወሰደች። ወደቡ ላይ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ አየን።

"የሴቶች በዓል እኮ ማክሰኞ ነው!" አለ አንዱ። "ቀን ተሳሳታችሁ!"

"እናንተ በዓመት አንድ ቀን የምትሠሩትን እኛ ዛሬ ልንጀምርላችሁ ነው" አለች ሳልሐ።

ሞተሩ አልነሣም አለ። ተነሣ፤ ጠፋ። ተነሣ። አሸዋ ላይ ወጣን፤ ወርደን ገፋን። ግማሹን ወጥመድ አላገኘነውም። የተመለስነው የሣጥኑ ወለል ብቻ በሸርጣን ተሸፍኖ ነው። ሳልሐ እጇ ደምቷል፣ ፊቷ በፀሐይ ተቃጥሏል፤ እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ቤት ስንገባ ራይስ ሚሉድ በለሱ ሥር ነበሩ። ማንንም ሳያናግሩ፣ ለግድግዳው ይመስል፣ "የጀልባዬ ሞተር ሲታነቅ ሰማሁ" አሉ። "ዘይቱ በዝቷል።"

ሳልሐ ከዘይቱ ቀነሰች።


ማክሰኞ፣ ኦገስት 13

የሴቶች በዓል። እኛ እንወጣለን፤ ሰው ካፌ ተቀምጦ ያያል።

ጀልባዋን ፈትተን ልንነሣ ስንል የወደቡ ሰው ሁሉ ወደ መንገዱ ዞረ። ቀና ስል ራይስ ሚሉድ እየመጡ ነው። ብቻቸውን፣ በዱላ። እስከ ዛሬ ዱላ ይዘው አይቻቸው አላውቅም። ዱላው ድንጋዩን እየነካ፣ ገመዱን እየነካ ይመጣል። ካፌው በረንዳ ላይ ባሺር ከወንበሩ ተነሣ።

ወደቡ ጠርዝ ላይ ቆሙ። አንድ እግራቸውን ዘርግተው ጀልባዋን ፈለጉ። አጧት። እንደገና ፈለጉ። ሁሉም እያየ ነው። ያኔ ነው ባሺር ነገሩ የገባው፤ እጁን አፉ ላይ ሲያደርግ አየሁት። ሮጦ መጥቶ፣

"ዐሚ፣ እጅዎን" አለ። አንቱ ብሎ ሲጠራቸው ሰምቼ አላውቅም።

"እጅህን ለራስህ አቆየው" አሉ ራይስ ሚሉድ። "ደግሞ ያንን ጀሪካንህን ሌላ ቀለም ቀባው። ከእኔው ጋር አመሳስለህ ሰው ታሳስታለህ።"

ባሺር ሊስቅ ፈልጎ አልቻለም። "ዛሬውኑ እቀባዋለሁ" አለ።

እግራቸው ጠርዙን አገኘ። ገቡ፤ ከፊት ተቀመጡ። "ንጂ" አሉ ለልጃቸው። "ያለውን እየነገርሽኝ ንጂ።"

ከእኔ ጋር አንድ ቃል አልተናገሩም። ወዲው ላይ ስንደርስ ግን፣ ወደማንም ሳይዞሩ፣ "ጃኬት ያላደረገ ካለ ያድርግ" አሉ። አድርጌ ነበር። "አድርጌያለሁ" አልኩ፣ ጮክ ብዬ።


ማክሰኞ፣ ኦገስት 20

በየቀኑ እንወጣለን። በሥራ ብዛት ደብተሩን ረሳሁት።

ከሰዓት በኋላ ሳልሐ ዋና ታስተምረኛለች። ወገቤ በሚደርስ ውኃ ውስጥ በሆዴ ታስተኛኝና እጇን ሳታስታውቀኝ ታነሣለች። ስሰምጥ ትስቃለች። ዛሬ ግን ከጀልባዋ እስከ ምሰሶው ብቻዬን ደረስኩ። እንደ ውሻ ነው የምዋኘው። ይሁን፣ ውሻም ይሻገራል።

ሳልሐ ፋብሪካውን ለቀቀች። አባቷ ሲሰሙ "እብድ" አሏት። ቀጥለው የዝናብ ልብሳቸውን የት እንዳስቀመጡት ነገሯት።

እኔን አሁንም አያናግሩኝም።


ቅዳሜ፣ ኦገስት 24

መርከብ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ቀርቀና ከኋላ ቀርቷል። ዳሩ ላይ ተቀምጫለሁ።

ራይስ ሚሉድ አጠገቤ ናቸው። ስፋቅስ ያለ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሊሄዱ ነው። ሳልሐ ከባሕር መቅረት ስላልፈለገች፣ ወይም እንዲህ ስላቀደች፣ "ኒስሪን እዚያው ስለምትወርድ ታድርስህ፤ የአጎቴ ልጅ ወደብ ላይ ይቀበልሃል" አለች። እሳቸውም እሺ አሉ። ለመንገድ ኻልቲ መብሩካ የሰጠችንን በለስ መሐላችን አስቀመጥን፤ መርከቡ ግማሽ መንገድ ደረሰ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?" አሉኝ ድንገት።

ከወደቅኩ ጊዜ ጀምሮ ልል ነበር። ቀርቀና ላይ ለራሴ ስል የከረምኩት እንደዚያ ነው።

"ከምሰሶው" አልኩ። "ፀሐይዋ ከኋላችን ነበረች።"

"ከዚያስ በፊት?"

"ከዚያም በፊት መሰለኝ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ጀልባ ስለሚያስፈልገኝ፣ ዐሚ።"

ሳቁ። በእሳቸው ጀልባ ስከርም አንዴም እንደዚህ ሲስቁ አልሰማሁም። ፊት ለፊታችን ያሉት ሰዎች ዞረው አዩን። "እኔም ዓይን ስለሚያስፈልገኝ ነው የወሰድኩሽ" አሉ። "ልትሰምጪ ስትይ ያን ቀን ምን አልኩ መሰለሽ? ለጌታዬ፣ አስተማሪ ነኝ ብዬ ያታለልኳትን ልጅ በእኔ አትያዝብኝ አልኩ።"

"እኔም መዋኘት እችላለሁ ብዬ አታልዬ ነበር።"

"እሱንማ አውቅ ነበር። ገና በመጀመሪያው ቀን ጠርዙን ስትይዢ እንጨቱ ሲጮህ ሰማሁት።" በለስ ላጥ አድርገው ሰጡኝ። "ለሳልሐ መንገርሽ ልክ ነው። አላመሰግንሽም ግን። ያመኛል።"

"እሺ፣ ዐሚ።"

"ሲሻለኝ አመሰግንሻለሁ።"

ሐኪሙ ምን እንደሚል አናውቅም። እሳቸው የሄደው አይመለስም ይላሉ፤ የቀረችውን ጭላንጭል ካቆዩልኝ ይበቃኛል ይላሉ። ዶክተር ሶንያ ትናንት መረጃውን ተቀብላለች፤ ለቀጣዩ ዓመት ሌላ ተማሪ ብትልክ ሳልሐ ጀልባዋ ላይ እንደምታሳፍረው ነገርኳት። "አስተማማኝ ነው?" አለች። የጀልባዋ ራይስ ማን እንደሆነች፣ ከፊት የሚቀመጡት ማን እንደሆኑ ሁሉንም ነገርኳት። "ስልኳን ላኪልኝ" አለች።

ስፋቅስ ታየ። መርከቡ ቆመ።

*

አውቶቡስ እየጠበቅኩ ልጨርሰው።

ሰው ለመውረድ ተጋፋ፤ ሻንጣ፣ ልጆች፣ ሞተር ብስክሌት። እኔ ክንዳቸውን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ፣ ከዚያ ፈራሁና መለስኩት። ራይስ ሚሉድ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። በሕዝቡ መሐል ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ባሕር ላይ ከነፋስ በላይ በሚጣሩበት ድምፅ፣

"ወገኖቼ፣ ደረጃው በየት በኩል ነው? እኔ አላይም" አሉ።

ሰዉ ዞር ዞር ብሎ መንገድ ከፈተ።